ቃል አራሚው ዘርዓብሩክ

ሐዋሳ ለሦስት ቀን ሥልጠና የተላክሁት በእውቀቴ አልነበረም። ሊሄድ የነበረው ምክትል ርዕሰ መምህራችን የጥርስ ሕመም ተነሣበትና የእሱ ስም ተሰርዞ የእኔ ተጻፈ። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ዲላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ስለ ቃል ሥልጠና ሲመጣ ከዘርዓብሩክ በቀር ማን ይላካል የሚል ፊት ይዤ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት።

ሥልጠናው ስለ አካል ጉዳተኞች ስንናገርና ስንጽፍ ልንጠነቀቅባቸው ስለሚገቡ ቃላት ነበር። ጥሩ ሥልጠና ነበር። አብረውኝ የነበሩት ሰዎች እንደሚሉት፣ አሠልጣኟ በሦስቱም ቀን ደጋግማ የነገረችን አንድ ነገር ነው፤ ከሁሉ በፊት ሰውየውን ራሱን ምን ተብሎ መጠራት እንደሚፈልግ ጠይቁት። እኔ ኋላ ተቀምጬ ስለነበር ያንን አልሰማሁም። ይዤ የተመለስኩት በመጨረሻው ቀን የታደለንን ባለ ሁለት ዓምድ ወረቀት ነው። በግራ «አይባልም»፣ በቀኝ «ይባላል»። እንዲህ ያለ ወረቀት ለእኔ መስጠት ለአዲስ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ እንደ መስጠት ነው።

በገባሁ በማግስቱ ወረቀቱን አባዝቼ መምህራን ማረፊያ፣ ቤተ መጻሕፍትና የሻይ ክበቡ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ሰው ማረም ጀመርኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር መንገድ የዘጋበትን ሌላ ሹፌር «ዕውር ነህ እንዴ?» ቢለው፣ መውረጃዬ ደርሶ እንኳ ሳልወርድ ስለ ቃሉ አስተማርኩት። ልጁ እስኪበቃኝ ጠብቆ፣ «እሺ ጋሼ፣ አሁን ይውረዱልኝ» አለኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ስለ ፈውስ ሲሰብክ የተጠቀመባቸውን ቃላት በቀይ እስክርቢቶ አርሜ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ሰጠሁት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ስለ እኔ እንደሚጸልይ ነገረኝ።

የታሪክ መምህሩ ወልደዮሐንስ ደግሞ ሻይ ስንጠጣ «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» ብሎ ተረተ። ወዲያው አስቆምኩትና «ዓይነ ስውር ቢሸፍት» ተብሎ መስተካከል አለበት አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «እንደዚያ ካልነው ከጓሮ ያልፋል?» አለኝ።  ወረቀቱን አሳየሁት።

ባለቤቴ አትጠገብ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ነው የምትሠራው። ሰው በመንገድ ሲያየን ሰላምታውን ከወዲያ ማዶ መስጠት እንደ ጀመረ ነግራኝ ነበር። እኔ ይህን የቆጠርኩት እንደ አክብሮት ነው።

ወረቀቴ ዝናዬን አዳርሶት ኖሮ፣ የከተማው የአካል ጉዳተኞች ቀን አከባበር ኮሚቴ ውስጥ እንድገባ ተጠየቅኩ። ቀኑ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነበር የሚከበረው። መድረክ እንድመራ፣ በራሪ ወረቀት እንድጽፍና አዳራሽ እንድመርጥ ተመደብኩ። የመጀመሪያው ስብሰባ የተደረገው በአካል ጉዳተኞች ማኅበሩ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ሊቀመንበሯ ሱራያ ትባላለች። አባቷ ከስልጤ መጥተው ዲላ የከተሙ ነጋዴ ናቸው፤ ዋናው መንገድ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብርና ከፍስሐ ገነት ቡና የሚያመላልሱ አይሱዙዎች አሏቸው። ሱራያ በዘጠኝ ዓመቷ ታማ የዓይኗን ብርሃን አጥታለች። ሕግ ተምራለች፣ የመኪኖቹን ስምሪት የምትይዘውም እሷ ናት። ሹፌሮቹን ከነሳላቸው ታውቃቸዋለች ይባላል።

ሰብሰብ ብለን ሳንጨርስ ጴጥሮስ ገባ። ጴጥሮስ ይርጋጨፌ አካባቢ አንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ እሸት ቡና የሚመዝን ሰው ነው። በልጅነቱ በፖሊዮ አንድ እግሩ ስለ ቀጠነ በክራንች ነው የሚሄደው። በሩን በትከሻው ገፋ አድርጎ፣ «አንካሳው መጣ፣ ቦታ ልቀቁ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሱራያም ሳቀች።

እኔ ተነሣሁ። «ይቅርታ፣ በዚህ ስብሰባ ውስጥ ያ ቃል አይባልም» አልኩ። «እንቅስቃሴ ላይ ጉዳት ያለበት ሰው ነው የሚባለው።»

ጴጥሮስ ዞር ብሎ ከኋላው ሰው እንዳለ አየ። የማናግረው እሱን እንደሆነ ሲገባው ቀስ ብሎ ተቀመጠና ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ በኋላ እስከ ስብሰባው መጨረሻ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ደግሞ ሲወጣ አይቼው፣ ትምህርቱን በጥሞና የተቀበለ ሰው ነው ብዬ ተደሰትኩ።

ከሳምንት በኋላ የበራሪ ወረቀቱን ረቂቅ ይዤ ሱራያ ዘንድ መደብሩ ሄድኩ። ሦስት ሌሊት የደከምኩበት ጽሑፍ ነበር። «የማየት ሁኔታቸው ከተለመደው በተለየ መልኩ የሚገለጽ ውድ ወገኖቻችን» የሚል ነበረበት፤ ያንን ሐረግ ሳነብላት ድምፄ ራሱ ትንሽ ተርገበገበ።

ሱራያ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። «መምህር፣ ይኼ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለች።

«አዎ፣ በአክብሮት ሲገለጽ።»

«እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ፈተናው በብሬል ይሰጠኝ ብዬ ሁለት ዓመት የተከራከርኩት ዓይነ ስውር ነኝ እያልኩ ነው። ይኼ ረጅሙ ማን እንደሆነ አላውቀውም።»

እኔም በትዕግሥት፣ ቃሉን የሰው ልጅ ክብር እንዲቀድም አድርጌ እንደ ቀመርኩት አስረዳኋት። ዓይነ ስውር ለሆነች ሴት ስለ ዓይነ ስውርነት አስረዳኋት ማለቴ ነው። በዚህ መሀል ደጅ ላይ አንድ አይሱዙ ሞተሩን አስነሣ፣ ሱራያም የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። ስለ መረጥኩት አዳራሽ መጋረጃ የጠየቀችኝ መሰለኝ። «በጣም ያምራል፣ ቀይ ከፈይ ነው» አልኳት። «ይተዉት፣ ሰው ልኬ አጣራለሁ» አለች። ወቅቱ የቡና ነበርና ስልኳ ደግሞ ጮኸ፤ እኔም ተሰናብቼ ወጣሁ። የጠየቀችኝ ስለ አዳራሹ መግቢያ እንደ ነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጆሮዬ መናገር አለብኝ። ያን ጊዜ ጆሮዬ መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋ፤ እሱን ወፎቹ ሄደው ነው አልኩ። ቀጥሎ የተማሪዎቼ ድምፅ ቀነሰ፤ የዛሬ ልጆች አፋቸውን ከፍተው አያወሩም ብዬ ለወላጆች ስብሰባ ሪፖርት አቀረብኩ። እያደር ብልሃት አበጀሁ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ሰው ሲያዝን ራሴን እነቀንቃለሁ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ያለ ተማሪ ሲመልስ፣ የፊቱን ሁኔታ አይና «ጎበዝ» እላለሁ። ያልገባኝን ሰው «እስቲ ቀረብ በል፣ ድፍረት ልመድ» ብዬ ወደ ፊት እጠራዋለሁ። አትጠገብ ስትናገር ብዙውን ጊዜ «እሺ» እላለሁ፤ እሺ የማይሆንበት ጥያቄ ሲሆን ደግሞ «እናያለን» እላለሁ። ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ሐኪም ቤት የሚሄደው ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው።

በዓሉ የተከበረው እኔ በመረጥኩት አዳራሽ ነው። የመረጥኩት በመጋረጃው ምክንያት ነው፤ ይህን አሁን ስጽፈው ራሱ ያሳፍረኛል። በሩ ላይ አራት ደረጃዎች ነበሩ። በእነዚያ ደረጃዎች አምስት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላየኋቸውም። ሱራያም ላጣራ ያለችውን በመኪኖቹ ሩጫ መካከል ረስታዋለች፤ ይህን ራሷ ነግራኛለች።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ከየመሥሪያ ቤቱ የተጋበዙት ፊት ተቀመጡ። እኔ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ማይክ ያዝኩ። ያላወቅኩት፣ በዊልቸር የመጡ ሦስት ሰዎች ውጭ ደረጃው ሥር መቅረታቸውን ነው። ወጣቶች ተሸክመው ሊያስገቧቸው ቢሉ፣ ከሦስቱ አንዷ የሺሃረግ የምትባል ልብስ ሰፊ፣ እንደ ጆንያ አልነሣም ብላ እንቢ አለች። ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ አንሥተዋት ጥለዋታል። ሌሎቹ ሁለቱም እሷን አይተው እንቢ አሉ። ፀሐይ ላይ ቀሩ።

እኔ ውስጥ ስለ መካተት እያነበብኩ ነበር። ጴጥሮስ ያን ዕለት በቡና ወቅት ሥራውን ትቶ፣ ከይርጋጨፌ ድረስ በሚኒባስ መጥቶ ነበር። ከአዳራሹ ኋላ ባለው መግቢያ በር ገባና ቆሞ ጮክ ብሎ ተናገረ። ያለው፣ «መምህር፣ በሩ ላይ ደረጃ አለ፤ ሰው ውጭ ቀርቷል» ነው። እኔ የሰማሁት «ደስታ አለ» የሚለውን ብቻ ነው።

«ልክ ነው» አልኩ በማይኩ። «ዛሬ በእውነት ደስታ አለ። እስቲ እናጨብጭብ።»

ከፊት የነበሩት እንግዶች አጨበጨቡ፤ እነሱ ሁልጊዜ ያጨበጭባሉ። ከኋላ ያሉት አላጨበጨቡም። ጴጥሮስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ደረጃ ነው ያልኩት፣ ደረጃ!» አለ። እኔም ታላቅ ደስታ መሆኑን አረጋገጥኩለትና ጭብጨባው እንዲደገም ጠየቅኩ። በሦስተኛው፣ ንግግር እንደማያዋጣ ገብቶት አንዱን ክራንች አነሣና ወደ በሩ ጠቆመ። እኔ ደግሞ የሞቀው መስሎኝ፣ ከመድረኩ ላይ እጄን ልክ እንደሱ ወደ ላይ አነሣሁ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታ ስለሆነ እሱን በደንብ ሰማሁት። ጴጥሮስ ክራንቹን መሬት ላይ አወረደ፣ ትንሽ አየኝና ዞሮ ወጣ።

ሱራያ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። አጠገቧ ያለውን ሰው ምን እንደሆነ ጠየቀች፣ ነገራት። ከዚያ በነጭ ዘንጓ መድረኩን አግኝታ ወጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። ማይኩን ሰጠኋት። ስብሰባው ወደ ግቢው ይወጣል፣ ሁላችሁም የተቀመጣችሁበትን ወንበር ይዛችሁ ውጡ አለች። እንግዶቹ ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወንበር እየተሸከሙ ወጡ። ቀዩ ከፈይ ብቻውን ቀረ።

የግራቪላ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰባሰብን። የሺሃረግ በበራሪ ወረቀቴ ፊቷን እያራገበች ነበር። እኔ እንደ ጻፍኩት ስትሰማ፣ ጽሑፉ መልካም እንደሆነ፣ እሷ ግን ያነበበችው ፀሐይ ላይ ሆና እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን ስትናገር ፊት ለፊቴ ስለነበረች አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ሰው ሲበተን ሱራያ አስጠራችኝ። ዛፉ ሥር ሁለት ወንበር ነበር። እንድቀመጥ ከነገረችኝ በኋላ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰሙት?» አለችኝ።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አልኩ።

«ይማርዎት» አለች።   እንደማታየኝ እያወቅሁ ፊቴን አዞርኩ።

«ሁለት ዓመት አልፎታል» አልኳት በመጨረሻ።

እሷ በመጀመሪያው ቀን መደብሩ ስመጣ ጠርጥራ ነበር። ድምፄ ለሁለት ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ነው፤ ስትጠይቀኝ ደግሞ መልሴ የሚመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ያውም ለሌላ ጥያቄ። «የማላየው እኔ ነኝ» አለችኝ፤ «ግን ሰው ሲሰማኝና ሳይሰማኝ አውቃለሁ።» ለማንም እንዳትነግር ለመንኳት። እሷ ለማንም እንደማትናገር፣ ነገር ግን ጴጥሮስ በመድረክ ላይ የተቀለደበት መስሎት እንደ ሄደ፣ ያንን ሌላ ሰው ሊያስተካክልልኝ እንደማይችል ነገረችኝ።

ሁለት ቀን አመነታሁ። በሦስተኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ይርጋጨፌ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የመጣሁበትን እንዴት እንደምናገር በልቤ እየተለማመድኩ ነበር። «መስማት የተሳነኝ ነኝ» ልል ፈለግሁ፤ ይህ ግን በምልክት ቋንቋ ለሚኖሩ ሰዎች ነው፣ የእኔ አይደለም አልኩ። «ከፊል የመስማት ውስንነት ያለብኝ» ስል የቀበሌ ማመልከቻ መሰለኝ። ወረቀቴን ከኪሴ አውጥቼ አየሁ፤ የቀኙ ዓምድ ለሌላው ሰው ሁሉ ይበቃ ነበር፤ ለእኔ ሲሆን ጠበበኝ። ጪጩ የምትባለውን መንደር አልፈን ትንሽ እንደ ሄድን ደግሞ የግራው ዓምድ መጣብኝ። «ደንቆሮ።» ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ያላስማማውን ተማሪ ሁሉ የምጠራው በዚህ ቃል ነበር። ከሐዋሳ ከተመለስኩ በኋላ እንኳ አልተውኩትም። ስለ አካል ጉዳት ስናገር አይደለም እኮ፣ ስለ ሰዋስው ነው ብዬ ለራሴ ፈቅጄ ነበር። አሁን ቃሉ እኔ አጠገብ፣ ባዶው ወንበር ላይ የተቀመጠ ያህል ተሰማኝና እስከ ይርጋጨፌ ድረስ በመስኮት እያየሁ ሄድኩ።

ማጠቢያ ጣቢያው ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። መፈልፈያው ማሽን ይጮሃል፣ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ሴቶች የማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና እየለቀሙ ያወራሉ። ይቅርታ ለመጠየቅ ለእኔ ጆሮ ከዚህ የባሰ ቦታ አይገኝም። ጴጥሮስ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ አየኝ። ሰላምታዬን በራሱ ንቅናቄ ብቻ መለሰ። የሆነ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁም። እንደ ልማዴ ልስቅ ከንፈሬን ከፈት ካደረግሁ በኋላ ዘጋሁት።

«አልሰማሁህም» አልኩት። «ጆሮዬ አይሰማም። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያን ቀን ደረጃ ስትል ደስታ ያልክ መስሎኝ ነው።»

 ጴጥሮስ ሚዛኑን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ ከማሽኑ ራቅ ወዳለ እንሰት ሥር ወሰደኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ደስታ?» አለኝ።

«ደስታ።»

ሳቀ። ትከሻው እስኪነቃነቅ፣ ክራንቹ ከጉልበቱ ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። ክራንቹን አነሣሁለት። ሲበቃው ግን ፊቱ ተለወጠ። ጴጥሮስ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሰውን ሁሉ አንተ ነው የሚለው፤ አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው።

«እሱስ ጆሮ ነው፣ ይሁን» አለኝ። «የመጀመሪያው ቀንስ? ስብሰባው ላይ ሰምተኸኛል።»

ያንን ቀን እንዳስታወሰው አላወቅሁም ነበር። ጉዳዩ ቃሉ መስሎኝ፣ ቃሉ በሰው ክብር ላይ ስላለው ጫና ልጀምር ስል እጁን አነሣ። ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ሲሄድ ልጆች በዚያ ቃል እየጠሩ ይከተሉት እንደ ነበር ነገረኝ። አንድ ቀን ደክሞት ቆመና እነሱ ከመናገራቸው በፊት ራሱ ጮክ ብሎ ተናገረው። የሚወረውሩት አጡ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሞላበት ቤት ሲገባ መጀመሪያ እሱ ይለዋል።

«እኔ ስለው የኔ ነው» አለ። «ሌላ ሰው ሲለኝ ስድብ ነው፤ እሱን ተቃወም፣ ጥሩ ነው። አንተ ግን እኔን አረምከኝ። እኔ ጋሻ አድርጌ በር ላይ ያቆምኩትን ነገር ወስደህ፣ ሰው ፊት፣ ይኼ ያንተ አይደለም አልከኝ። ማን ጠየቀኝ?»

ማንም አልጠየቀውም። እንደዚያ አልኩት። ይቅርታ ስጠይቀው አጠር አድርጌ ነው የጠየቅኩት፤ በሕይወቴ ካደረግኋቸው ንግግሮች ሁሉ አጭሩ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ጴጥሮስ እሺ አለ። ከዚያ እኔን ምን ብለው ቢጠሩኝ እንደሚሻለኝ ጠየቀኝ። በሚኒባስ ውስጥ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝና እንጃ አልኩት። እስክታውቀው ዘርዓብሩክ እንልሃለን አለኝና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

ከሁሉ የከበደኝ አትጠገብን መንገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ ጓሮ ጎመን ታርም ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ነገርኳት። ሥራዋን አላቆመችም። ጆሮዬ ደካማ እንደሆነ ከገባት ቆይቷል፤ ቴሌቪዥኑ ለጎረቤት ሁሉ ነግሮላታል። ግን ሁሉም ነገር የጆሮ ነው ብላ አላመነችም። እህቷ የታመመች ጊዜ፣ ሦስት ቀን ሄጄ ላስታምማት ብላ ስትጠይቀኝ «እናያለን» ብያታለሁ። አልሄደችም። እኔ ጥያቄውን አልሰማሁትም።

«እኔኮ መስማት የተውክ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «መስማት ያቃተህ ሳይሆን።»

ይህን የተናገረችው ወደ እኔ ዞር ብላ፣ አፏን እያየሁት ነው። ያንን ቃል የሚያስተካክል ምንም ዓምድ አልነበረኝም። ጎመኑን አብሬያት አረምኩ፤ ሁለት ጊዜ ከአረሙ ጋር ጎመኑን ነቀልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ሲናገር እሷ ሰምታ፣ እኔ አፏን እያየሁ፣ ሁለቱም ጆሮዎቼ እንደ ተጎዱ፣ የቀኙ ግን በመስሚያ መሣሪያ እንደሚታገዝ ተረዳን። ከዚያ ወደ እህቷ ሄድን። እህቷ ድና ነበር፤ ቢሆንም ሦስት ቀን ቆየን።

ስንመለስ አባል ልሆን ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ሱራያ አዲስ አባል ስትመዘግብ ስልኳ የምትጽፈውን መልሶ ያነብላታል። የጉዳት ዓይነት የሚለው ላይ ስትደርስ ምን ብላ ትጻፍ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም ስለ ቃላቱ ልዩነት ማብራራት ጀመርኩ። ለጥቂት ደቂቃ ታገሠችኝና፣ ቦታው ለአራት ቃል ብቻ እንደሚበቃ አሳወቀችኝ። «በደንብ አይሰማም በይ» አልኳት። ጻፈችው። ስልኳ ጮክ ብሎ አነበበው፤ በመተላለፊያው ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ሁሉ ሰሙት። ደነገጥኩ፤ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ሰኞ ዕለት ክፍል ገባሁ። ሃምሳ ስምንት ተማሪዎች ናቸው። ጆሮዬ በደንብ እንደማይሰማ፣ ከእንግዲህ የሚመልስ ተማሪ ካለ እኔ ወደ እሱ እንደምሄድ ነገርኳቸው። ደንቆሮ እያልኩ የጠራኋቸውንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ማንም አልሳቀም። የተዘጋጀሁት ለሳቅ ስለነበር ጸጥታቸው አስደነገጠኝ።

ከኋላ ወንበር ኢክራ እጇን አወጣች። ኢክራ የክፍሉ አንደኛ ናት። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ግን እንዳይቆጡ» አለች። «ባለፈው ወር የተውሳከ ግሥ ምሳሌ ሲጠይቁኝ፣ ጠረጴዛ ብዬ መለስኩ። ጎበዝ አሉኝ።»

«ለምን ጠረጴዛ አልሽ?»

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ቀስ በቀስ ከእሷና ከጎረቤቶቿ የሰማሁት ይህን ነው። ክፍሉ ከመስከረም ጀምሮ ጆሮዬን ያውቃል። የኋለኛው ረድፍ ተራ ገብቶ፣ ፊቱን ጨዋ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የፈለገውን ይናገራል፤ እኔም ጎበዝ እላለሁ። የእግር ኳስ ተጫዋች ስም የመለሰ ነበር። «ዛሬ አልተማርኩም» ብሎ የመለሰ ነበር። አንዱ የራሴን ስም መልሶ፣ በተለይ አመስግኜው፣ ክፍሉ እንዲያጨበጭብለት አድርጌያለሁ።

እንዲህ ባለ መንገድ ጎበዝ የተባላችሁ እጃችሁን አውጡ አልኩ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ከፊት ረድፍ ሳይቀር። አሥራ ዘጠኝ ስደርስ መቁጠሬን ተውኩ። ሳቄ መጣ፤ በዚያ ዓመት ለምን እንደምስቅ እያወቅሁ ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጠመኔ አነሣሁና፣ ተውሳከ ግሥን ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።